የአያቶችን ሳር ቤት ውጭ አገር ሆኖ ማሳደስ

ገጠር ያለ ሳር ቤት ወርሳችሁ ከሆነ የሚደወልላችሁ ስልክ ይታወቃል። «ክዳኑ አልቋል፤ ብር ላኩና ቆርቆሮ እናልብሰው።» ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ለመሆኑ ቤቱ ውስጥ እሳት ይነዳል?

ቀልድ አይደለም። የሳር ክዳን ዕድሜ የሚያገኘው ከጭስ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ተባይ ያባርራል፣ ማገሩንና ወራጁን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ሰው ወጥቶ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ሳሩ እርጥበት ይዞ ይሻግታል፤ ነቀዝና ምስጥ ይገባበታል። ባዶ ቤት ላይ አዲስ ክዳን ማልበስ ብር መበተን ነው። መጀመሪያ ሰው ይግባበት።

ቀጥሎ ምርመራ። በቪዲዮ የሚላክላችሁ ቤት ከውጭ ሁሌም ያምራል። እናንተ ግን እኩለ ቀን ላይ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከውስጥ ወደ ጣሪያው የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ሳሩ የሳሳበት ቦታ ሁሉ እንደ ኮከብ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከዚያ የቋሚዎቹን እግር አስፈትሹ። እንጨቱ መሬት የሚገባበት ጋ ምርጊቱ ትንሽ ይፈቅፈቅና በቢላዋ ይወጋ። ቢላዋው ዘልቆ ከገባ ችግሩ ክዳኑ ላይ አይደለም። እንጨቱ ጥድ ወይም ወይራ ከሆነ ተስፋ አለው፤ ባሕር ዛፍ ግን ለምስጥ ቶሎ እጅ ይሰጣል። ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሠሩት ረጅም ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቁመቱ እያጠረም ቢሆን ይኖሩበታል። የጭቃ ጎጆ ግን እንዲህ አይችልም፤ የበሰበሰው ቋሚ መቀየር አለበት።

ቆርቆሮ ክፉ ነው አልልም። ለክዳን የሚሆነው ሳር፣ ሰንበሌጥ፣ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ በብዙ ቦታ ታርሷል፤ ሳር ማግኘቱ ራሱ ከባድ ሆኗል። ችግሩ ክብ ጎጆ ላይ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ አለመግጠሙ ነው። እየተቆራረጠ ብዙው ይባክናል፣ በየመጋጠሚያውም ያፈሳል። ስለዚህ «ቆርቆሮ እናልብሰው» ማለት ብዙውን ጊዜ አፍርሰን አራት ማዕዘን ቤት እንሥራ ማለት ነው። ይህን አውቃችሁ ወስኑ። ደግሞም ሳር በክብደቱ ይቀመጣል፤ ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ፣ በልጥ (በዛፍ ልጣጭ ገመድ) ብቻ በታሰረ ወራጅ ላይ ከተመታ ነፋስ ገንጥሎ ይወስደዋል። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሲጥል መደማመጥ የለም።

ሳሩን ከመረጣችሁ ወቅቱን ጠብቁ። ሳር የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ ሲደርቅ ነው። ክዳኑም በበጋው ያልቃል። ሰኔ ላይ «እንጀምር» የሚላችሁን አትስሙ። የጣሪያውን ቁልቁለት ደግሞ ማንም እንዳይነካው። ሳር ለመቆጠብ ብለው ዝቅ ካደረጉት ውሃው መውረዱን ትቶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ 45 ዲግሪ ገደማ ያስፈልገዋል።

ግድግዳውን ሲሚንቶ አታስለስኑ። ሲያዩት ያምራል፤ ግን እርጥበቱን ጭቃው ውስጥ ያፍነዋል፣ ቆይቶም እየተላቀቀ ይወድቃል። የጤፍ ጭድ ገብቶበት በደንብ የቦካ ጭቃ ይበቃል። ቤቱ ላሊበላ እንዳሉት ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ እድሳት አይጀመርም።

ወረቀቱ ላይም ተጠንቀቁ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ አስቀድማችሁ አጣሩ። ውክልናውን ባላችሁበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስጡ፤ አገር ቤት ደርሶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ መሸጥና ማስያዝ ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ለእድሳት የሚሯሯጥ ዘመድ የመሸጥ ሥልጣን ምን ያደርግለታል? «ለማንኛውም ይግባበት» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ።

ብሩን የዕቃና የጉልበት ብላችሁ ለዩት። የጉልበቱን ሥራው ባለቀ ቁጥር ላኩ፤ ቋሚው ተቀይሮ ሳታዩ የክዳኑን አትልኩ። ቤቱ ውስጥ የሚገባው ሰው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም እንኳ ነገሩ በጽሑፍ፣ በምስክር ይሁን፦ በነፃ እንደሚኖር፣ ምድጃውን እንደሚያነድ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሳሳውን እንደሚደርብ፣ ስትጠይቁትም እንደሚለቅ።