የሕክምና ተማሪን ማደንዘዣ ስናስተምር ቲዩቡን አናስቀድም

የሕክምና ተማሪ ማደንዘዣ ክፍል ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ቲዩብ ማስገባት እችላለሁ?» ቲዩብ በሽተኛው እንዲተነፍስበት በአፉ በኩል ወደ አየር ቧንቧው የሚገባው ቱቦ ነው። ጉጉቱን እወደዋለሁ። ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ቲዩብ ሲገባ ጉሮሮ የሚታይበትን መሣሪያ፣ ላሪንጎስኮፑን፣ እናቀብለዋለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን ቀዶ ጥገናው ያለቀለት በሽተኛ ማገገሚያ ክፍል ተኝቷል። ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ያንኮራፋል። ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን መጠን) 91 በመቶ፣ ከዚያ 86። አጠገቡ የነበረው ተማሪ ሃሎቴን የሚባለው የሚተነፈስ ማደንዘዣ ማክ (የጥንካሬ መለኪያው) 0.75 በመቶ መሆኑን በቃሉ የሚያውቅ፣ ሦስቴ ቲዩብ ያስገባ ጎበዝ ልጅ ነው። ቲዩብ ፍለጋ ሮጠ! ደርሼ መንጋጋውን ከጆሮው ሥር ይዤ ወደ ፊት ሳነሳው ማንኮራፋቱ ቆመ፣ ቁጥሩም ቀስ እያለ ተመለሰ። ልጁ ደንግጦ አየኝ። ይሄን ያላስተማርኩት እኔ ነኝ።

እባካችሁ በማስክ ማስተንፈስ ይቅደም። ሰው የሚሞተው ኦክስጅን አጥቶ ነው። ይሄ ልጅ ነገ ተመርቆ ወረዳ ሲመደብ፣ በእኩለ ሌሊት በኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የደም ግፊት ምክንያት በሚመጣ መንዘፍዘፍ) የምትንቀጠቀጥ እናት ስትመጣበት እጁ ላይ የሚኖረው አምቡ ባግ፣ ማስክ ያለው በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው ከረጢት፣ ነው። አያያዙን ጣት በጣት አሳዩት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ማስኩ ላይ፣ የቀሩት ሦስቱ መንጋጋ አጥንቱ ላይ። አጥንቱ ላይ! ከአገጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከተጫነው ምላሱን ወደ ላይ ገፍቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋል፣ ሕፃን ላይማ ይብሳል። ጀማሪ ሁሉ ማስኩን ፊት ላይ ይደፈጥጠዋል፤ ፊቱን ወደ ማስኩ አምጣው በሉት። አልሆን ካለው በሁለት እጁ ይያዝ፣ ሌላ ሰው ባጉን ይጭመቅለት። ደረቱ ከፍ ሲል ራሱ ይይ።

በሽተኛው በማደንዘዣ ሊተኛ ሲል ተማሪን በጥያቄ ማፋጠጥ ይቅር፤ ያኔ ዓይኑም ጆሮውም በሽተኛው ላይ ይሁን።

ከማደንዘዣ በፊት ሆድ ባዶ መሆን አለበት፤ ግን «ምግብ በልተዋል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «አልበላሁም» ይላሉ አባት፣ እውነታቸውን ነው፤ ለእሳቸው ምግብ ማለት እንጀራ ነው። ጠዋት የጠጡት ወተትና የቆረጠሟት ቆሎ አይቆጠሩም። ከምግብና ከወተት 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መጾም የሚለውን ከማስሸምደዳችን በፊት «ከትናንት ማታ ጀምሮ አፍዎ የገባ ነገር ምንድን ነው? ቡናም ቢሆን ይንገሩኝ» ማለትን እናስለምደው።

አንድን ቦታ ብቻ በሚያደነዝዘው መድኃኒት፣ በሊዶኬይን፣ ላይ ፐርሰንቱን ወደ ሚሊ ግራም ማስላት ያሠሩት። 2 ፐርሰንት ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት ከሆነ ከፍተኛው መጠን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ50 ኪሎ ሰው 150 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ2 ፐርሰንቱ 7.5 ሚሊ ሊትር ብቻ። ቁስል ሲሰፋ ሁለተኛ ባለ አሥር ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የሚሞላ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ይሄን ስሌት ያሠራው ሰው የለም።

ስፓይናል (ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ) የተወጋች እናት ደግሞ ነቅታለች፣ ሁሉን ትሰማለች። በላይዋ አታውሩ። ተማሪውን ራስጌዋ አስቀምጡት፣ እጇን ይያዝ፣ ያዋራት። የደም ግፊቷ መውረድ ሲጀምር «አቅለሸለሸኝ» ስትል ቀድሞ የሚሰማት እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሞኒተሩ ገና ሳይለካ።