በደጋ የሚናከስ ትንኝ፦ የስኮትላንድን ሚጅ ለመከላከል ማባረሪያ ሲመረጥ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በኢትዮጵያ ያደገ ሰው የትንኝን ነገር የሚያውቀው በቆላና በደጋ ልዩነት ነው፤ ወባ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር እንደሚበረታ፣ ደጋ የወጣ ሰው ግን ያለ አጎበር እንደሚተኛ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል። እውቀቱ በአገሩ ትክክል ነው። ከለንደን ወይም ከማንችስተር ተነሥቶ በሐምሌ ወር ወደ ግሌንኮ ሸለቆ ወይም ወደ ስካይ ደሴት ሲጓዝ ግን ያሳስተዋል። ብርድ ባለበት ትንኝ አይኖርም ብሎ ሹራብና የዝናብ ልብስ ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ምሽት ላይ ነፋሱ ጸጥ ሲል ፊቱን፣ ጆሮውንና የፀጉሩን ሥር የሚወርር ደቃቅ መንጋ ያገኘዋል። አገሬው «ሚጅ» የሚለው ይህ ትንኝ ቁመቱ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የሚራባው ውኃ በጠገበ አሲዳማ አፈር ውስጥ በመሆኑ ዝናባማውና ቀዝቃዛው ምዕራብ ስኮትላንድ ዋና መኖሪያው ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ይቆያል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይም ይበረታል። ማባረሪያ ሲመረጥ ከሚፈጸሙት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ይህን ፍጡር እንደ ወባ ትንኝ ከመቁጠር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በአጎበር መተማመን ነው። ለወባ መከላከያ የሚታደለው የተለመደው አጎበር በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 24 ያህል ቀዳዳዎች አሉት፤ ይህ ለወባ ትንኝ ጠባብ ቢሆንም ለሚጅ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ በራስ ላይ የሚጠለቅ መረብ ሲገዛ «ለትንኝ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ለሚጅ ተብሎ የተሠራ፣ ዓይነ ጠባብ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። መረቡ ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ትንኟ በላዩ ላይ ሆና ስለምትናከስ፣ ከሥሩ ዙሪያ ጥላ ያለው ባርኔጣ መደረብ ይኖርበታል። ጥቁር መረብ ከነጩ ይልቅ አሻግሮ ለማየት እንደሚመች ያልሞከረው ሰው ላያምን ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት በሽታን መፍራት ነው። የስኮትላንድ ሚጅ በሰው ላይ የሚያስተላልፈው በሽታ አይታወቅም፤ የሚያመጣው ማሳከክ፣ እብጠትና የተበላሸ ሽርሽር ነው። በኢትዮጵያ የዚሁ ወገን ትንኞች የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ሕመም በፈረሶች መካከል ያዛምታሉ። በመተማና በሑመራ ካላ-አዛር የሚባለውን ገዳይ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በመጠን ብትመስላቸውም ሌላ ነፍሳት ናት፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ለሽርሽር ከሚደረገው እጅግ የጠበቀ ነው።

ብዙ ወገኖቻችንን የሚያሳስተው ግን የባሕር ዛፍ ጉዳይ ነው። በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ «የሎሚ ባሕር ዛፍ» የሚል ማባረሪያ ያየ ሰው፣ በአገር ቤት ለጉንፋን የሚታጠነው ቅጠል ትዝ ይለውና የባሕር ዛፍ ዘይት በርካሽ ገዝቶ ቆዳውን ይቀባል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። እንጦጦን ያለበሰው ነጭ ባሕር ዛፍ በዘይቱ ውስጥ በብዛት የያዘው ዩካሊፕቶል የሚባለውን፣ አፍንጫ የሚከፍተውን ንጥረ ነገር ነው፤ ማባረሪያው የሚዘጋጀው ግን ቅጠሉ ሲታሽ የሎሚ ሽታ ከሚሰጠው፣ በአገራችን ሽቶ ባሕር ዛፍ ከሚባለው ዝርያ ነው። ከዚህም ዛፍ ቢሆን በቀጥታ የተጨመቀው ዘይት አጥጋቢ አይደለም፤ ዘይቱ ተቀይሮ ፒኤምዲ የሚባለው ንጥረ ነገር ሲበዛበት ነው ለሰዓታት የሚከላከለው። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ መፈለግ ያለበት የዛፉ ሥዕል ሳይሆን ፒኤምዲ የሚለው ስምና መጠኑ፣ አብዛኛውን ጊዜም 30 በመቶ አካባቢ የሆነው ቁጥር ነው። ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ግን አይመከርም። ሽታ ሁሉ ትንኝ ያባርራል የሚለው እምነት ከጥንጁትና ከወይራ ጭስ የመጣ ይመስለኛል፤ ጭሱ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ ጥቂት ይረዳ ይሆናል፣ ሜዳ ላይ ግን ነፋስ ይበትነዋል። በስኮትላንድ ደግሞ የበሰበሰ እፅዋት የተከመረበት ጥቁር አፈር ራሱ ስለሚቀጣጠል በእንዲህ ያለ መሬት ላይ እሳት ማንደድ አይገባም።

በጠርሙስ ላይ ያለውን መቶኛ እንደ ጉልበት መቁጠርም የተለመደ ነው። ዲት የሚባለው ማባረሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ለአሜሪካ ጦር ተዘጋጅቶ በ1957 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን እስከ ዛሬ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ይሁን እንጂ 50 በመቶ የሆነው ከ20 በመቶው የሚለየው ረዘም ላለ ጊዜ በመቆየቱ እንጂ ትንኙን አብልጦ በማባረሩ አይደለም፣ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆንም ትርፉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ 95 በመቶ ዲት የሚገዛ ሰው ያተረፈው የመነጽሩን ፍሬም፣ የሰዓቱን መስታወትና የሬዮን ወይም የስፓንዴክስ ልብሱን ማበላሸት ነው፤ ዲት ፕላስቲክንና አንዳንድ ሰው ሠራሽ ጨርቆችን ያሟሟልና። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ተጓዥ የሚሻለው ፒካሪዲን ነው። ይህ በ1980ዎቹ የተፈለሰፈ፣ አሠራሩ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር የሚመስል ውሕድ በ20 በመቶ መጠን ለሰዓታት ይከላከላል፤ ሽታው ቀላል ነው፣ ፕላስቲክም አይነካም። በስኮትላንድ ሱቆች የሚታወቀው «ስሚጅ» የተባለው ምርት የተሠራው ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ንክሻ እስኪሰማ ድረስ ቦርሳ አለመክፈት ከምርጫው ያላነሰ ስህተት ነው። የምትናከሰው ሴቷ ብቻ ስትሆን፣ ደም ማግኘት ስትጀምር ሌሎች እንስቶችን የሚጠራ ኬሚካል ትለቃለች፤ አንዷ ከተናከሰች በኋላ ደመና የሚመስለው መንጋ የሚከተለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማባረሪያው መቀባት ያለበት ከመኪና ከመውረድ ወይም ከድንኳን ከመውጣት በፊት ነው። አቀባቡም እንደ ሽቶ አንገትና ክንድ ላይ ጭፍ ጭፍ ማድረግ አይደለም፤ ያልተቀባ ቆዳ ከተቀባው አጠገብ ቢሆንም ስለሚነከስ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ዳርቻ፣ ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ መዘለል የለባቸውም። ለፊት በመዳፍ ላይ ነፍቶ ዓይንና አፍን እየሸሹ ማሸት ይገባል፤ ለልጅ የሚቀባው ወላጅ ሲሆን የልጁ መዳፍ ግን አይቀባም፣ ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ይከታልና። የፀሐይ መከላከያ የሚቀባ ሰው እርሱን አስቀድሞ፣ ከደረቀ በኋላ ማባረሪያውን ያስከትል። ሁለቱን በአንድ ቱቦ የያዘ ምርት ግን መግዛት አያስፈልግም፣ የፀሐይ መከላከያው በየሁለት ሰዓቱ መደገም ሲኖርበት ማባረሪያው ግን ይህን ያህል መደጋገም የለበትም።

ልብስን በተመለከተ ስህተቱ ጥቁርና ቀጭን መልበስ ነው፤ ሚጅ ወደ ጥቁር ቀለም ይሳባል። ፐርሜትሪን የሚባለው ነፍሳት ገዳይ መድኃኒት የሚረጨው በልብስ ላይ እንጂ በቆዳ ላይ አይደለም፤ ድመት ያለበት ቤትም ልብሱ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ድመቷን ማራቅ አለበት፣ እርጥቡ ለድመት መርዝ ነውና።

ድምፅ አውጥቶ ትንኝ ያባርራል የሚባል መሣሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት መብላትና የቫይታሚን ቢ1 ክኒን መዋጥ ገንዘብና ተስፋ ከማባከን አይዘሉም። የኤቮን ኩባንያ «ስኪን ሶ ሶፍት» የሚባል የቆዳ ዘይት ግን የተለየ ታሪክ አለው። ለቆዳ ማለስለሻ የተሠራ ቢሆንም የብሪታንያ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ሳይቀሩ ለሚጅ ይቀቡታል እየተባለ ስሙ ወጣ፤ የሚረዳውም ደቃቋ ትንኝ በዘይቱ ላይ ተጣብቃ ስለምትቀር ነው። እንደ ተጨማሪ መጥፎ አይደለም፣ ብቻውን ሙሉ ምሽት ማሳለፊያ ግን አይሆንም።

በመጨረሻ የሚነሣው ስህተት ከማባረሪያው በሁሉም ሁኔታ እኩል ውጤት መጠበቅ ነው። ሚጅ ደካማ በራሪ በመሆኑ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መብረር ይቸግረዋል፤ ንጋትና ምሽት፣ ደመናማና ጸጥ ያለ ቀን ግን ይስማማዋል። በሞቃቱ ወራት የሚጁን ብዛት ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ የሚያሳይ ትንበያ ስለሚወጣ ከጉዞ በፊት ማየት ይጠቅማል፤ 1 ወይም 2 በሆነበት ቀን ቀላል ቅባት ሲበቃ፣ 4 ወይም 5 በሆነበት ምሽት ፒካሪዲን፣ ረጅም እጅጌና የራስ መረብ አብረው ያስፈልጋሉ። ድንኳን የሚተክል ሰውም በረግረግ ዳርና በዛፍ ሥር ያለውን ለምለም ሣር ትቶ፣ ነፋስ የሚያገኘውን ጉብታ ይምረጥ፤ ተክሎ ሲጨርስም ፈጥኖ ዚፑን ይዝጋ።