ሐዋሳና ጎረቤቶቿ በአንድ ጉዳይ አብረው እንዲሠሩ፦ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤቶች

ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱም፣ አትክልቱም፣ ተማሪውም ሲመላለስ ይውላል። በአስተዳደር ግን አንዷ በሲዳማ፣ ሌላዋ በኦሮሚያ ክልል ናት። ሁለት ከንቲባዎች ተጨባብጠው የተስማሙበት ሐሳብ በጀትና የክልል ይሁንታ ካላገኘ ከቃለ ጉባኤ አያልፍም።

መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ብቻ ይመረጥ። ትራንስፖርት፣ ቆሻሻ፣ ጸጥታና ቱሪዝም በአንድ ሰነድ ሲታጨቁ ባለቤት ያጣሉ። ለዚህ አካባቢ ጥሩ መነሻ የሐይቁ ደለል ነው። ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱት ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ላይ ተሰብስበው በጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባሉ። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የገባው አፈር እዚያው ይቀራል። ተፋሰሱ ደግሞ በሁለቱም ክልሎች ውስጥ ስለሆነ ሐዋሳ ብቻዋን ብትጠርግ ልፋቷ በየክረምቱ ይደገማል።

የወሰን ጥያቄ ከአጀንዳው ይውጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 መሠረት የወሰን ጉዳይ የሚፈታው በክልሎች ስምምነት ነው፤ እነሱ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ከንቲባ የማይወስነውን ነገር ጠረጴዛ ላይ ማምጣት የሚወስነውንም ያስቀርበታል።

ከመፈራረም በፊት ደለሉ ይለካ። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይዞ ሲመጣ ነው፤ አንዱ በመኪና ምልልስ፣ ሌላው በኩንታል ይቆጥራል። ሦስት የውኃ ናሙና ቦታዎች ይበቃሉ፦ ከጨለለቃ በላይ፣ ከጨለለቃ መውጫ፣ የጥቁር ውኃ ድልድይ። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን ይቀዳ። የሁሉም ከተሞች ባለሙያዎች አብረው ይቅዱ፤ ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፣ ግማሹ ለማረጋገጫ ይቀመጥ። በአንድ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም ደለል እንዳለ ከታወቀ «የእናንተ አፈር ነው» የሚለው ክርክር አብዛኛው ያበቃል። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ሊዘለል አይገባም።

ቀጥሎ ገንዘብ። ወጪው በሕዝብ ብዛት ብቻ ከተከፈለ ትልቁ ከተማ አብዛኛውን ይከፍልና አዛዥ መሆን ይፈልጋል። እኩል ከተከፈለ ደግሞ ትንሹ ከተማ አይችለውም። የሚያስማማው ቅይጥ ነው። ለምሳሌ የሚተባበሩት ከተሞች ሦስት ቢሆኑና ለቦይ ጠረጋና ለእርከን 6,000,000 ብር ቢያስፈልግ ግማሹ ለሦስቱ አስተዳደሮች እኩል ይደርሳል፤ ለእያንዳንዳቸው 1,000,000 ብር ማለት ነው። የቀረው 3,000,000 በሕዝብ ይከፈላል፤ ንጽጽሩ 6፣ 3 እና 1 ቢሆን 1,800,000፣ 900,000 እና 300,000 ብር ይሆናል። በድምሩ 2,800,000፣ 1,900,000 እና 1,300,000። የውሎ አበልና የስብሰባ ወጪ ጣሪያ ይበጅለት፤ ከጠቅላላው ከ5 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ አለዚያ ገንዘቡ እርከኑ ጋ ሳይደርስ አዳራሽ ውስጥ ያልቃል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የወጪ ድርሻው እስከ ጥር መጨረሻ ተፈርሞ በየከተማው ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። ግንቦት ላይ የመጣ ስምምነት «በጀት አልተያዘለትም» ተብሎ አንድ ዓመት ይንከባለላል።

የመግባቢያ ሰነዱ ከአራት ገጽ ባይበልጥ ይሻላል። የሚሠራው ሥራ፣ የየአንዳንዱ ድርሻ፣ የክፍያ ቀን፣ ኃላፊው የሥራ ክፍል፣ ያልከፈለ ወገን ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይጻፍ፤ ከንቲባና ኃላፊ ይቀያየራል። ሲዳማ በሲዳምኛ፣ ኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ ስለሚሠሩ ሰነዱ በሁለቱም ቋንቋዎችና በአማርኛ ይዘጋጅ፤ ቃል ሲያከራክር የቱ ቅጂ እንደሚያሸንፍ በራሱ በሰነዱ ይቀመጥ። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ከዚያ የየከተማው ምክር ቤት ያጽድቀው፤ የየክልሉ ፍትሕ ቢሮ ይመልከተው። በክልሎች መካከል የሚኖረውን ግንኙነት የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1231/2013 ስለሆነ ከንቲባዎቹ ስምምነታቸውን በክልሎቻቸው በኩል ማሳወቃቸው ኋላ ከሚመጣ «ማን ፈቀደላችሁ» ያድናል።

ከንቲባዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ባለሙያዎቹ በየወሩ ይገናኙ፤ ስብሰባው ተራ በተራ በየከተማው ይሁን። የቴክኒክ ኮሚቴው ሰብሳቢ በየዓመቱ ይቀያየር፤ ጸሐፊው ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ፤ ያለዚያ የልኬት መዝገቡ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ይጠፋል። አዲስ ከንቲባ ሲሾም በ10 ቀን ውስጥ ሰነዱ፣ የናሙና ውጤቱና ያልተከፈለው ድርሻ በአንድ ፋይል ይቅረብለት።