መብራት ሲመለስ ፓምፑ ራሱን እንዳያስነሳ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቤቱን በስልክ ማዘዝ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አምፖል ነው። አምፖል ይቆይ። ቅድሚያ የሚሰጠው መብራት ሄዶ ሲመጣ ማብሪያው ምን እንደሚያደርግ ነው።

ታስሞታ የሚባለው ሶፍትዌር የተጫነበት ስማርት ማብሪያ (በዋይፋይ ከስልክ የሚታዘዝ)፣ ሌላ ካልነገራችሁት፣ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ቀድሞ ወደነበረበት ይመለሳል። ወደ ሮቶው ውሃ የሚገፋው ፓምፕ እየሠራ ከነበረ፣ እናንተ ሰኞ ገበያ ሳላችሁ እሱ ቤት ውስጥ ይነሳል። የቧንቧው ውሃ ሄዶ ከሆነ ደግሞ በደረቁ ሲዞር ቆይቶ ይቃጠላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በስልካችሁ ብራውዘር የማብሪያውን ገጽ ከፍታችሁ ኮንሶሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ) ላይ «ፓወርኦንስቴት 0» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል (PowerOnState 0) ጻፉ። አንዴ በቂ ነው። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲመጣ ጠፍቶ ይጠብቃችኋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማብዛት ሲጀምር፣ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት 7 ጊዜ ከተከታተለ ታስሞታ ዋይፋዩን ጨምሮ ቅንብሩን በሙሉ ይሰርዛል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለእኛ ሰፈር ግን አይሆንም። እዚያው ኮንሶል ላይ የሚጻፈው «ሴትኦፕሽን65 1» (SetOption65 1) ይዘጋዋል።

ፓምፑን በቀጥታ በትንሿ ማብሪያ አታስነሱ፣ በኮንታክተር (ትልቅ ከረንት በሚችል፣ በትንሿ ማብሪያ በሚታዘዝ ማብሪያ) ይሁን። የሞተር መነሻ ከረንት ከፍተኛ ነው።