ከደራሲ ጋ የሬድዮ ጨዋታ ልትሰሩ ካሰባችሁ

መጀመሪያ መጽሐፉን አንብቡት፣ ይሄ ድርድር የለውም፣ ጀርባው ላይ ያለችውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ ማይክ ፊት የሚቀመጥ ሰው ደራሲውንም አድማጩንም ያሳዝናል። እያነበባችሁ የገረማችሁን ቦታ በእርሳስ አስምሩ፣ ጥያቄያችሁ የሚወጣው ከዛ ነው።

"መጽሐፉ ስለ ምንድነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። ለምሳሌ ስለ ሰሜን ተራሮች የጻፈ ሰው ከሆነ በቀጥታ ወደ ጭላዳ ውሰዱት፣ ዋና ምግቡ ሳር የሆነ፣ በዱር ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው እኮ! ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ጠዋት ሲወጡ ምን ይሰማል፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ምን ይሸተዋል ብላችሁ ጠይቁ፣ ሬድዮ ምስል ስለሌለው አድማጩ የሚያየው በዚህ ነው። ሀሳቡም ከዛው ይመጣል፣ ሳሩን ከከብት ጋ ይሻሙታል፣ ታዲያ የገበሬው ኑሮስ? እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ደራሲው መልሶ ዝም ሲል ቶሎ አትግቡበት፣ ሁለት ሶስት ሰከንድ ጠብቁት፣ ምርጡ ነገር ብዙ ጊዜ ከዛች ዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው።

አንድ ገጽ ራሱ እንዲያነብም ጠይቁት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ልቦለድ ሲተርክ የሰማ ሰው ድምፅ ለመጽሐፍ ምን እንደሚያደርግለት ያውቃል።

ቴክኒኩ ቀላል ነው፣ ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ገደማ ይራቅ፣ ስልክ ይጥፋ፣ ስትጨርሱ የክፍሉን ጸጥታ ብቻ 30 ሰከንድ ቅረጹ፣ ኤዲት ስታደርጉ የቆረጣችሁትን ቦታ ትሸፍኑበታላችሁ።