ሰው ሲጠጋው የሚለወጥ ስክሪን እንዴት ይሠራል?

መልቲሚዲያ ስማር ከሠራኋቸው ፕሮጀክቶች ሁሉ በጣም የምወደው ይሄ ነው፤ ሰው ሲጠጋው ምስሉ የሚለወጥ ስክሪን። የሚያስፈልጋችሁ አርዱዊኖ ቦርድ (ሴንሰር የሚያነብ፣ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ አልትራሶኒክ ሴንሰርና ላፕቶፕ ነው። ምስሉን የምትሠሩት በፕሮሰሲንግ ነው፤ ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 የጀመሩት ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን ኮድ ለሚያስፈራው ሰው አሪፍ መነሻ ነው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ወረቀት አውጡ። ሰው ሲመጣ ምን ያያል? ሲቆምስ? ሲሄድስ? ይሄ ካልተመለሰ ቴክኖሎጂው ብቻውን የትም አያደርስም።

ሴንሰሩ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ይልክና እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በማይክሮሰከንድ ይለካል። ጊዜውን በ0.034 አባዙትና ለ2 አካፍሉት፣ ድምፁ ደርሶ መልስ ነው የተጓዘው፤ ርቀቱን በሴንቲሜትር ታገኛላችሁ። ችግሩ ቁጥሩ ይዘላል። አንዴ 80፣ አንዴ 83፣ ድንገት ደግሞ 300 ይላል፣ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻዎቹን 5 ልኬቶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሃል ላይ ያለውን ብቻ ውሰዱ። አማካይ አትውሰዱ፣ ያ 300 ሁሉንም ያበላሸዋል።

አርዱዊኖው ርቀቱን ለፕሮሰሲንግ የሚልከው ላፕቶፑ ላይ በተሰካበት ፖርት ነው። ፕሮሰሲንግ ፖርቱ ተይዟል ካላችሁ የአርዱዊኖውን ሲሪያል ሞኒተር (ከቦርዱ የሚመጣውን ቁጥር የሚያሳየውን መስኮት) ዝጉት፤ ሁለቱ አንድ ፖርት በአንዴ መጠቀም አይችሉም።

ሲያልቅ ፕሮጀክቱን የማያውቅ ሰው ስክሪኑ ፊት አቁሙና ምንም ሳታስረዱ እዩት። ከመጠጋት ይልቅ እጁን ማወዛወዝ ከጀመረ ዲዛይኑን ለእጅ እንቅስቃሴ አስተካክሉት።