ለመድኃኒት አልበገር ያለ ድባቴ፦ በክሊኒክ የሚሰጠውን የአፍንጫ መድኃኒት እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ኤስኬታሚን በገበያ ስሙ ስፕራቫቶ ይባላል፤ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ሲሆን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለጽኑ ድባቴ እንዲውል የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ለታካሚው በእጁ ተሰጥቶ ወደ ቤት የሚወሰድ ስላልሆነ፣ መድኃኒቱን መፈለግ ማለት የሚሰጥበትን ቦታ መፈለግ ማለት ነው።

ክሊኒክ ከማፈላለግዎ በፊት የሕክምና ታሪክዎን በጽሑፍ ያሰናዱ። ሐኪሞች ድባቴው ለሕክምና አልበገር ብሏል የሚሉት፣ ሕመምተኛው ቢያንስ ሁለት ፀረ ድባቴ መድኃኒቶችን በተገቢው መጠንና ለበቂ ጊዜ ወስዶ ሳይሻለው ሲቀር ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ መጠን፣ የወሰዱበትን ጊዜና ያቆሙበትን ምክንያት ይጻፉ፤ በማቅለሽለሽ ምክንያት በአሥረኛው ቀን የተቋረጠ መድኃኒት ሁለት ወር ተወስዶ ካልሠራው ጋር እኩል አይቆጠርም። ድባቴ የማስታወስ ችሎታን ስለሚያደክም፣ የቅርብ ሰው ቢያግዝዎ ወይም የቆዩ የመድኃኒት ማዘዣዎችዎን ቢያገላብጡ መልካም ነው፤ ይህ ወረቀት የኋላውን ድካም በእጅጉ ያቀላል።

ጽሑፉን ይዘው የአእምሮ ሐኪም ያማክሩ። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት እንደገና እንዲያጤን፣ የታይሮይድ ችግር፣ የአልኮል መጠጥ ወይም ባይፖላር ሕመም (ስሜት በድባቴና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋልልበት ሕመም) ከጀርባ እንደሌለ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ። የደም ቧንቧ ግድግዳ ሳስቶ ማበጥ (አኒዩሪዝም) ወይም በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ አጋጥሞት የሚያውቅ ሰው ይህን መድኃኒት ሊወስድ አይገባም፤ የደም ግፊት፣ እርግዝና ወይም ቀድሞ የነበረ የሱስ ችግር ካለም ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከተፈታተነዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መድኃኒቱ ራስን ማጥፋትን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም።

ክሊኒክ ለማግኘት የሐኪምዎ የሪፈር ወረቀት ቀዳሚው መንገድ ነው። በአሜሪካ መድኃኒቱን የሚሰጡት ለዚሁ የተመዘገቡ ተቋማት ብቻ ሲሆኑ፣ አምራቹ አድራሻቸውን በድረ ገጹ ያወጣል። በሌሎች አገሮች ደግሞ መድኃኒቱ መመዝገቡን ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ የሚሰጥበትን ቦታ ከትላልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ማጣራት ይቻላል። ስልክ ሲደውሉ የደም ግፊት ከርጭቱ በፊትና ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይለካ እንደሆነ፣ ቢያንስ ለ2 ሰዓት በባለሙያ ዓይን ሥር ያቆዩዎት እንደሆነም ይጠይቁ። ቤትዎ ወስደው እንዲረጩት የሚሰጥዎ ቦታ ካጋጠመዎ ይተዉት። በመድኃኒት ቤት የሚቀመም የኬታሚን (የኤስኬታሚን ዘመድ የሆነ የማደንዘዣ መድኃኒት) ርጭትም ከዚህ መድኃኒት ጋር አንድ አይደለም።

ጊዜዎንና ወጪውን አስቀድመው ያስሉ። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በቀጣዮቹ 4 ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ ያስፈልጋል፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ብቻ 12 ቀጠሮ ማለት ነው። መድን ካለዎ፣ የቅድሚያ ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ ሕክምናው ሳይጀመር ይጠይቁ።

በሕክምናው ቀን ከርጭቱ በፊት ለ2 ሰዓት ምግብ፣ ለ30 ደቂቃ ፈሳሽ አይውሰዱ። እያንዳንዱ መርጫ 28 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ሐኪሙ እንዳዘዘው ሁለት ወይም ሦስት መርጫ በ5 ደቂቃ ልዩነት ይወስዳሉ። ማዞር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ከራስ ወይም ከአካባቢ የመለየት ስሜት ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በክትትሉ ሰዓት ይበርዳል፤ ሳያውቁት ለሚገቡበት ሰው ግን እጅግ ያስፈራል፣ ስለዚህ አስቀድመው ይወቁት። ጥሩ እንቅልፍ ተኝተው እስከሚያድሩ ድረስ መኪና አይንዱ፤ ወደ ቤት የሚያደርስዎ ሰው ይዘጋጅ።

የመጀመሪያው የአራት ሳምንት ዙር ሲያበቃ ሐኪሙ ጥቅሙን መዝኖ ይቀጥል ወይም ይቁም ይላል። ለዚያ ውሳኔ እንዲረዳው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እንቅልፍዎን፣ የምግብ ፍላጎትዎንና ከአልጋ የመነሣት አቅምዎን በየዕለቱ በአጭሩ ይመዝግቡ።